የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ስለ መለየት
ዕድሜ ለረዘመለት ሁሉ የሚሆን ትምህርት

ረጅም ዕድሜ ከእግዚአብሔር የሚለመን በረከት ነው። ሽማግሌ በሠርግ ቤት ሲመርቅ፣ እናት ልጇን ወደ ሩቅ አገር ስትሸኝ፣ ከምርቃቱ ሁሉ ቀድሞ የሚነገረው የዕድሜ ምርቃት ነው። ነገር ግን ዕድሜን የሚለምን ሰው ከዕድሜ ጋራ ተያይዞ የሚመጣውን ነገር ብዙ ጊዜ አያስበውም። ዕድሜ የተጨመረለት ሰው ለውጥም ተጨምሮለታል። ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው አንዱን ዓለም ሰማንያ ዓመት ተመለከተ ማለት አይደለም፤ ሦስትና አራት ዓለም እየተፈራረቀ ሲያልፍ አየ ማለት ነው እንጂ። የተወለደበት መንደር መልክ፣ እጁ የለመደው ሥራ፣ ሲያከብራቸው የኖሩ ታላላቆች ሁሉ ከእርሱ ቀድመው ሊያልፉ ይችላሉ። እንግዲህ ረጅም ዕድሜን የምንለምን ከሆነ፣ በረጅም ዕድሜ ውስጥ እንዴት መኖር እንደሚገባ ደግሞ ልንማር ያስፈልገናል።

በዚህ ነገር ሰዎች በሁለት ወገን ሲሰናከሉ ይታያሉ። አንደኛው ወገን አባቱ ያላደረገውን ሁሉ የሚጠረጥር ነው። አዲስ መንገድ ሲወጣ፣ አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ልጁ እርሱ በማያውቀው ሙያ እንጀራ ሲበላ፣ ነገሩን ሳይመረምር ይነቅፋል። ሲነቅፍ ውሎ ሲነቅፍ ያመሻል፤ በመጨረሻውም በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ልጆቹ ያከብሩታል እንጂ ምክር አይጠይቁትም፤ የልጅ ልጆቹ ጉልበቱን ይስማሉ እንጂ አጠገቡ ተቀምጠው አይሰሙትም። በልቡ ያለው ብዙ ዕውቀትም ወራሽ ሳያገኝ ከእርሱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አዲስ የተባለውን ሁሉ ያለ ምርመራ የሚቀበል ነው። የአባቱን ሞፈር ሲጥል የአባቱን ጸሎት አብሮ ይጥላል፤ ልብሱን ሲለውጥ ቃሉንም ይለውጣል። ነፋስ ወደ ነፈሰበት ሁሉ ሲያዘነብል ይኖርና ዕድሜው ሲገፋ የሚቆምበት መሬት ያጣል።

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒዎች ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው፤ የሚለወጠውን ከማይለወጠው አልለዩም። ፊተኛው ሁሉን የማይለወጥ አደረገው፤ ኋለኛው ሁሉን የሚለወጥ አደረገው። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ፣ የማይለወጠውን ለይቶ አጥብቆ የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ ያለ ፍርሃት ሊለውጥ እንደሚችል፣ እስከ ዕድሜውም ፍጻሜ ተማሪ ሆኖ ሊኖር እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

፩ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚታይ ለውጥ

ምሳሌውን ከሩቅ ሳንፈልግ ከጣና ሐይቅ ዳር እንጀምር። አንድ ሰው በ1935 ዓ.ም. በባሕር ዳር ጊዮርጊስ አጠገብ ተወለደ እንበል። ይህ ሰው ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። በሕፃንነቱ ያያት ባሕር ዳር በደብሩና በገበያው ዙሪያ የተሰበሰበች፣ ከሐይቁ ማዶ በታንኳ የሚመጣውን እህልና እንጨት የምትጠብቅ ትንሽ ሥፍራ ነበረች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ በ1953 ዓ.ም.፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመና የገበሬ ልጅ በደወል ወደ ሥራ ሲገባ አየ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1956 ዓ.ም.፣ የጢስ ዓባይ ውኃ የኤሌክትሪክ ኃይል ሆኖ በሽቦ መጣ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት መሆኑ ታወጀና አያቱ የሚያውቁት የርስትና የጉልት ሥርዓት ፈረሰ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረና ፀጉራቸው የነጣ ገበሬዎች፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናቶች፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከልጆቻቸው እኩያ ፊደል ሲቈጥሩ ተመለከተ። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃው መጠን መቈጣጠሪያ ተሠራ። በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በ2004 ዓ.ም. እንቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ ታወቀና ከዚያ ወዲህ ገበሬው በደረቱ ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው ኖረ። በ2007 ዓ.ም. የጣና አካባቢ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከተመዘገቡት ጥብቅ ሥፍራዎች ተቈጠረ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለመንገደኛ ተከፈተ።

ይህ ሽማግሌ ከተወለደበት ደብር አልራቀም፤ ነገር ግን ሳይሰደድ ብዙ አገር የዞረ ያህል ነው። እርሱ አገሩን ባይለቅ አገሩ በእግሩ ሥር ተለወጠች። ስለዚህ እኔ አልለወጥም የሚል ሰው፣ ፈቃዱ ባይሆንም በሚለወጥ ዓለም ውስጥ እንደሚኖር ሊያውቅ ይገባዋል። ለእርሱ የተተወለት ምርጫ፣ ለውጡን እያወቀና እየመረመረ መኖር ወይም ሳያውቀው መወሰድ ብቻ ነው።

፪ ከታንኳ የሚገኝ ትምህርት

የሐይቁ ሰዎች ይህን ነገር ከጥንት ጀምረው በሥራቸው ያውቁታል። የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ እየተጠቀለለ ይታሰራል፤ ነዶውም ከነዶ ጋራ ተጣምሮ ሰውና ሸክም የሚችል ይሆናል። በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት የወይጦ ወገኖቻችን ናቸው። ነገር ግን ደንገል ውኃ ይጠጣል። ባለ ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር አውጥቶ ካላደረቀው ይከብዳል፤ ቢያደርቀውም እንኳ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ይበሰብሳል። ስለዚህ በሐይቁ ላይ የሚኖር ሰው በዕድሜው ብዙ ታንኳ ይሠራል። አሮጌው ሲያልቅ ያዝናል እንጂ ተስፋ አይቈርጥም፤ ጥበቡ ያለው በእጁና በልቡ እንጂ በደንገሉ አይደለምና። አንዱን ታንኳ እወዳታለሁ ብሎ በዕድሜው ሙሉ በእርስዋ ልቅዘፍ የሚል ቢኖር፣ ከዳር ሳይርቅ ይሰጥማል።

ታንኳው ቢታደስም የሚሄድበት ሥፍራ ያው ነው። ዛሬ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄደው ምእመን ብዙውን ጊዜ በሞተር ጀልባ ይሳፈራል። አባቶቹ ቀኑን ሙሉ የቀዘፉበትን መንገድ እርሱ በጥቂት ሰዓት ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ከሥፍራው ሲደርስ ጫማውን የሚያወልቅበት ደጅ፣ የሚሳለመው መስቀል፣ የሚያቀርበው ስለት አባቶቹ ያወቁት ነው። መሣፈሪያው ተለወጠ፤ ስለቱና ደጁ አልተለወጠም። ይህን የለየ ሰው ከሞተር ጀልባው ጋራ አይጣላም፤ በጀልባውም ፍጥነት ተመክቶ የሚሳለመውን ደጅ አይረሳም።

፫ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ አረጋውያን የሚያስተምሩን

በመጽሐፍ ቅዱስ ረጅም ዕድሜ ከተሰጣቸው አባቶች አንዱ ሙሴ ነው። ዕድሜው መቶ ሃያ ዓመት ሲሆን በሦስት አርባ ዓመታት የተከፈለ ነው። አርባውን ዓመት በፈርዖን ቤት እንደ ንጉሥ ልጅ ኖረ፤ አርባውን ዓመት በምድያም በጎችን ጠበቀ፤ የቀረውን አርባ ዓመት ሕዝብን መራ። ከቤተ መንግሥት ወደ በረሃ የወረደው፣ ከበረሃም ወደ መሪነት የወጣው አንዱ ሙሴ ነው። በበረሃ የተማረው እረኝነት በኋላ ሕዝቡን ሲመራ ጠቀመው። ከሁሉም የሚያስደንቀው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 የተጻፈው ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው፣ ባሕር የተከፈለለት፣ ከእግዚአብሔር ጋራ የተነጋገረው ሙሴ፣ ብቻውን ከጧት እስከ ማታ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አየውና ይህ አሠራር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ መከረው። ሙሴም ምክሩን ሰምቶ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆችን ሾመ። ሕጉን አልለወጠም፤ የአሠራሩን ሥርዓት ግን ለወጠ። በክብሩና በዕድሜው ታብዮ ምክሩን ቢንቅ ኖሮ ሕዝቡም እርሱም በደከሙ ነበር።

ሁለተኛውን ትምህርት ከካህኑ ከዔሊ እንማራለን። ዔሊ ሲሸመግል ዓይኑ ፈዘዘ፤ ልጆቹን ባለ መገሠጹም የተወቀሰ ሰው ነበር። ሆኖም በአንዲት ሌሊት ያደረገው ነገር ለአረጋውያን ሁሉ ምሳሌ ይሆናል። ሕፃኑ ሳሙኤል ድምፅ ሰምቶ የጠራው ዔሊ መስሎት ሦስት ጊዜ ወደ እርሱ በሮጠ ጊዜ፣ ዔሊ የተጠራው ልጁ እንጂ እርሱ አለመሆኑን አስተዋለ። የቤተ መቅደሱ አለቃ እኔ ሆኜ ሳለሁ እንዴት ሕፃን ይጠራል ብሎ አልቀናም። ተኛ፤ ዳግመኛ ብትጠራ እንዲህ ብለህ መልስ ብሎ አስተማረው እንጂ። ሲነጋም መልእክቱ በራሱ ቤት ላይ የተነገረ ተግሣጽ መሆኑን ሲሰማ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን ብሎ ተቀበለ። ከታናሹ አፍ እውነትን መስማት ለታላቁ ውርደት እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛውም ትምህርት ከሁለት ሽማግሎች የሚገኝ ነው። ካሌብ ሰማንያ አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ ኢያሱን ተራራማውን አገር ስጠኝ፤ ጉልበቴ ገና አልደከመም ብሎ ለመነው። የገለዓዱ ቤርዜሊ ግን ሰማንያ ዓመት በሆነው ጊዜ ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ውሰደኝ ሳይለው ከእኔ ጋራ ና ብሎ ቢጠራው፣ የምበላውን ጣዕም አለይም፣ የዘፋኞችንም ድምፅ አልሰማም፣ ለጌታዬ ሸክም አልሁን ብሎ በትሕትና አመሰገነና ወጣቱን ከመዓምን በእርሱ ፈንታ ላከ። አንዱ ወደ አዲስ ሥራ ገባ፤ ሌላው ሥፍራውን ለወጣት ለቀቀ። ሁለቱም የተመሰገኑ ናቸው። ስለዚህ ለውጥን መቀበል ማለት በማንኛውም ዕድሜ እንደ ወጣት መሮጥ ማለት እንዳልሆነ እናስተውል። አቅሙን አውቆ የሚጀምርም፣ አቅሙን አውቆ የሚያስረክብም በእኩል ጥበበኛ ነው።

፬ ሥርዓት ሳይፈርስ የሚመጣ ለውጥ

ቤተ ክርስቲያናችን ጥንታዊት ስለ ሆነች ለውጥን የማታውቅ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ዓመቱን በቤተ መቅደስ ያገለገለ ግን እንዲህ አይልም። የድጓው ቃል ከመፀው ወደ በጋ፣ ከፀደይ ወደ ክረምት ሲተላለፍ ይለወጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ትንሣኤ ሲመጣ ይመለሳሉ። የምትመሰገነው ቅድስት ሥላሴ አንዲት ናት፤ ምስጋናው ግን እንደ ወራቱ ነው።

ከጣና ዳር የወጡትን የአለቃ ገብረ ሐናን ነገር ደግሞ እንመልከት። ብዙ ሰው በቀልዳቸው ብቻ ያውቃቸዋል፤ እርሳቸው ግን በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ከታወቁት የጎንደር ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። በሊቃውንቱ ዘንድ እንደሚተረከው የሐይቁ ሞገድ ሲመላለስና በዳር ያለው ሸምበቆ ሲወዛወዝ አይተው የመቋሚያውን ዝማሜ በአዲስ ስልት አሰቡት። ሐሳባቸው በጎንደር ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩትና በደብረ ታቦር በተክሌ በኩል ጸና፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ይባላል። አስተውሉ፤ አለቃ ገብረ ሐና የቅዱስ ያሬድን ቃል አልለወጡም፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ እንደ ነበሩ ናቸው። የለወጡት ካህኑ በዜማው ጊዜ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበትን ስልት ነው። ሊቃውንቱም ቸኩለው አለመቀበላቸው ሥርዓትን ለመጠበቅ ነበር። መርማሪም ፈጣሪም በየበኩላቸው ሠሩ፤ ዘመኑም ፈተነው፤ መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ ዛሬ ጥንታዊ ሥርዓት ሆኖ እናከብረዋለን። ዛሬ ጥንታዊ የምንለው ብዙው ነገር አንድ ቀን አዲስ ነበረ።

ያለ መለወጥም ጥቅም እንዳለው ከዘጌ እንማር። በዘጌ ልሳነ ምድር፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረት መሥራች አቡነ በትረ ማርያም ምድሪቱ በበሬ እንዳትታረስ፣ የቀንድ ከብትም እንዳይረባባት አዘዙ ተብሎ ይነገራል። ሕዝቡ ይህን ትእዛዝ ለብዙ መቶ ዓመታት አክብሮ በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ኖረ። በዙሪያው ያለው አገር ዛፉን ጨርሶ በተራቈተ ጊዜ የዘጌ ደን ቆሞ ተገኘ። የዘጌ ሰው ግን ቡናውን የሚያደርስበትን መንገድ አልከለከለም፤ ፊት በታንኳ፣ ኋላም በጀልባና በመኪና ወደ ገበያ ወሰደ። የምድሪቱን ሥርዓት አጸና፤ የንግዱን መንገድ ለወጠ። ይህ ነው መለየት ማለት።

፭ አዲሱን ነገር ስለ መመርመር

አዲስ ነገር ሁሉ እንደማይጎዳ፣ እንዲሁ ደግሞ አዲስ ነገር ሁሉ እንደማይጠቅም ከሐይቁ ዓሣ እንረዳለን። ቀድሞ ዓሣ አጥማጁ በታንኳው ከዳር ብዙ ሳይርቅ ያጠምድ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግድም የግብርና ሚኒስቴር፣ ቤተ ክርስቲያናችንና የኔዘርላንድ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ተባብረው የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለአጥማጆች አቀረቡ። ሐሳቡ ድኻውን ለመርዳት የታሰበ በጎ ሐሳብ ነበር፤ ብዙ ቤተ ሰብም እንጀራ በላበት። ነገር ግን በጣና ካሉት የዓሣ ወገኖች አያሌዎቹ በክረምት እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው ዕንቁላላቸውን የሚጥሉ ናቸው። አጥማጁም ዓሣው በሚሰበሰብበት ጊዜ መረቡን በወንዞቹ አፍ መዘርጋት ጀመረ። ዓመታት ባለፉ ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ቍጥር ክፉኛ እንደ ቀነሰ ሊቃውንቱ በጥናታቸው መዘገቡ።

መረቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ወራቱንና ሥፍራውን የሚለይ ልብ ግን ያስፈልገው ነበር። ዓሣው በየትኛው ወር ወደ ወንዝ እንደሚወጣ ደግሞ የሚያውቁት በሐይቁ ዳር ያረጁት አጥማጆች ናቸው። እንግዲህ አዲስ መሣሪያ የያዘ ወጣትና የወራቱን ዕውቀት የያዘ ሽማግሌ በአንድነት ካልመከሩ፣ መሣሪያው ያጠፋል፤ ዕውቀቱም ያለ ሥራ ይቀራል። ሽማግሌው ለውጥን እንዲቀበል የሚያስፈልገው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ለውጡ ራሱ ያለ እርሱ ዕውር ስለሚሆን ነው።

፮ አስቀድሞ ስለ መዘጋጀት

ለውጥን ከመድረሱ በፊት አይቶ መዘጋጀትም ከጥበብ ይቈጠራል። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችው በርስትና በጉልት መሬት ነበር፤ ካህኑም የሰሞን መሬት ነበረው። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጣና በየአጥቢያው ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚመክሩበት ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም፣ ምእመኑም በአስተዋፅኦው ቤተ ክርስቲያኑን እንዲረዳ ተወሰነ። ሁለት ዓመት ቈይቶ መሬቱ በዐዋጅ ተወሰደ። ሰበካ ጉባኤው ባይጀመር ኖሮ የብዙ ደብር መቅደስ ያለ ዕጣን፣ ካህኑም ያለ ቀለብ በቀረ ነበር። መሬቱ ሄደ፤ ቅዳሴው ግን አልተቋረጠም። ያን ጊዜ የሸመገሉ ካህናት፣ ከጉልት ገባር ይልቅ የምእመናን ፍቅር የጸና ርስት መሆኑን በስተርጅና ተማሩ።

፯ ስላለፈው ነገር ማዘን ኃጢአት አይደለም

አንዳንድ ወጣቶች አሮጌው ነገር ሲያልፍ ሽማግሎች ማዘናቸውን እንደ ድንቍርና ይቈጥሩታል። ይህ አይገባም። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፣ ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ መሠረት ሲጥል ወጣቶቹ በደስታ እልል አሉ፤ የፊተኛውን ቤት ያዩት አረጋውያን ካህናትና ሌዋውያን ግን በታላቅ ድምፅ አለቀሱ። የእልልታው ድምፅ ከልቅሶው ድምፅ ሊለይ እስከማይቻል ድረስ ተቀላቀለ። መጽሐፍ የሚያለቅሱትን አልገሠጸም፤ የሚደሰቱትንም አልነቀፈም። ሁለቱም በአንዱ መሠረት ዙሪያ ቆመው ነበርና።

ስለዚህ ሽማግሌ ሆይ፣ ያለፈውን ብታስብ፣ የደንገሉ ዳር መሳሳቱን፣ የቀድሞው ጎረቤትህ ቤት መፍረሱን አይተህ ብታዝን አትፈር፤ ነገር ግን እያለቀስህም ቢሆን ከመሠረቱ አጠገብ ቁም እንጂ ተቈጥተህ ወደ ቤትህ አትግባ። አንተም ወጣት፣ የሽማግሌውን እንባ አትናቅ፤ እርሱ የሚያለቅስለትን ቤት አንተ አላየኸውምና።

፰ ዛሬ ምን እናድርግ

ይህ ነገር ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው በአብነት ትምህርት ቤታችን ነው። ቀድሞ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከቤተ ሰቡ ርቆ፣ ቍራሽ እየለመነ ድጓውንና ቅኔውን ይማር ነበር። ዛሬ ብዙው ልጅ ቀን ቀን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይውላል። የአብነቱ መምህር እንደ ጥንቱ ካልሆነ አላስተምርም ቢል ወንበሩ ያለ ተማሪ ይቀራል፤ እርሱም ሲያርፍ ከብዙ ትውልድ የተቀበለው ዜማ አብሮት ያርፋል። ይህ ጥቂት ጉዳት አይደለም፤ የተቃጠለ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ሊገኝለት ይችላል፤ ተማሪ ሳይተካ ያለፈ መምህር ግን አይተካም።

ታዲያ ምን ይለወጥ? ሰዓቱ ወደ ማታና ወደ ቅዳሜና እሑድ ቢዛወር፣ ተማሪው በቍራሽ ፈንታ በሰበካው እርዳታ ቢመገብ፣ ዜማውን በእጅ ስልክ ቀርጾ በመንገድ ቢያጠና፣ ሃይማኖት አይጎድልም። ምንስ አይለወጥ? ተማሪው በመምህሩ ፊት ቆሞ ቃል በቃል ማሰማቱ፣ መምህሩም ሰምቶ ማረሙ አይለወጥ። የተቀረጸ ድምፅ ያሰማል እንጂ አይሰማም፤ የተሳሳተውንም አያቀናም። ከየኔታ አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ፣ ከተማሪም አፍ ወደ የኔታ ጆሮ የሚመላለሰው ነገር የትምህርቱ ሕይወት ነው።

ለሁላችንም የሚሆነውን ምክር በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ሃይማኖትንና ምግባርን ይነካልን? ባልንጀራን ይጎዳልን? ለሚመጣው ትውልድ ምን ያተርፋል? ከሦስቱ ያለፈውን ያለ ፍርሃት እንቀበል። ሁለተኛ፤ በየዓመቱ ከእኛ ከሚያንስ ሰው አንድ ነገር እንማር፤ በ1971 ዓ.ም. በዛፍ ሥር ፊደል የቈጠሩት እናቶች አላፈሩም፤ የልጆቻቸውንም ደብዳቤ በራሳቸው ዓይን አነበቡ። ሦስተኛ፤ የያዝነውን ኀላፊነት ገና ለማረም አቅም ሳለን ለወጣቱ እናስረክብ፤ ሙሴ በኢያሱ ላይ እጁን የጫነው በሕይወቱ ሳለ ነውና። አራተኛ፤ መደገፊያ ስንፈልግ አንፈር። አባቶቻችን በማኅሌት መቋሚያን የያዙት ረጅሙን ሌሊት ለመቆም ነው። በበትር የተደገፈ ካህን ሲቆም አደረ ይባላል እንጂ ወደቀ አይባልም።

በመጨረሻው ይህን እናስብ። ክርስቲያን ከቶ አልለወጥም ሊል የማይችልበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም ንስሐ ነው። ንስሐ ማለት መመለስ፣ መለወጥ ነው። በሰማንያ ዓመቱ መለወጥ አልችልም የሚል ሰው በሰማንያ ዓመቱ ንስሐ መግባት አልችልም ማለቱ ነው። ኒቆዲሞስ የሸመገለ ሰው እንዴት ዳግመኛ ሊወለድ ይችላል ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጌታችን በሩን አልዘጋበትም፤ ከውኃና ከመንፈስ ስለሚሆነው ልደት ነገረው እንጂ። ከዚያም በኋላ ያ በሌሊት ተሸሽጎ የመጣው ሰው በዓርብ ቀን ሽቱ ተሸክሞ በግልጥ ጌታውን ለመቅበር መጣ።

እግዚአብሔር አምላካችን ብቻ አይለወጥም። እርሱን የያዘ ሰው የቀረው ሁሉ ከእጁ ቢያልፍ አይደነግጥም፤ ሞት የሚባለው የመጨረሻው ለውጥ ሲመጣም ታንኳውን ለዳር ትቶ ወደሚሳለመው ደጅ ይገባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።